ስኳር የበዛበት ሻይ

እትዬ ምላጭ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ባይመለሱ ኖሮ ያን ቀን እንደማንኛውም ቀን፣ እንዲያውም ከማንኛውም ቀን በተሻለ ደስታ ያሳልፉት ነበር። ደረጃውን ወርደው፣ ዳቦ ቤቱን አልፈው፣ መንገዱን ሊሻገሩ ሲሉ ነው ግንባራቸውን የዳበሱት። መነጽር የለም። ያለ መነጽር ደግሞ እንኳን ክር መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ሊያስገቡ፣ መርፌውንም የሚያዩት በመከራ ነው። ለብቻቸው እየተነጫነጩ ተመለሱ። በሩን ያለ ድምፅ የከፈቱት ተንኮል አስበው አይደለም፤ ማጠፊያው ስለሚጮህ ሁልጊዜም ወደ ላይ ብድግ አድርገው ነው የሚከፍቱት፣ ለተኛ ሰው ሲያዝኑ የለመዱት ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ልጃቸውና አማቻቸው ወደ ሥራ ከመውጣታቸው በፊት ቆመው ያወራሉ።

«እማዬ ዛሬ ሐኪሟ ጋ ናት» አለች ልጃቸው። «ጨርሰሻል፣ አቁሚ ብትላት ምን ይውጠኛል?»

«ንገሪያቸው በቃ።»

«ምን ብዬ? አንቺ በምላጭ የምትቀንሺውን ክኒን እኔ በየማታው ሻይሽ ውስጥ ፈጭቼ ስሞላልሽ ነበር ልበላት?»

አማቻቸው ብርጭቆ ሲያለቀልቅ ይሰማል። «ስኳሩንም አብዝተሽዋል» አለ በመጨረሻ። «አንድ ቀን ይነቁብሻል።»

መነጽሩ ሳሎን፣ የሶፋው ክንድ ላይ ነበር። እትዬ ምላጭ አነሱት፤ ዓይናቸው ላይ አደረጉት፤ በሩን ብድግ አድርገው ከፈቱት፣ ብድግ አድርገው ዘጉት። ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። መታጠፊያው ጋ ግድግዳውን ደገፍ ብለው ቆሙ። ከላይ የሚወርድ ጎረቤት «እንዴት አደሩ?» ሲላቸው «ደህና፣ ተመስገን» አሉት። አፋቸው የለመደውን ተናገረ እንጂ እሳቸው እዚያ አልነበሩም።

ምላጭ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሌላው ልብስ ሰፊ ስፌት በመቀስ ጫፍ ሲተረትር እሳቸው በምላጭ ነው፤ እሳቸው የተረተሩት ጨርቅ ከነጭራሹ መርፌ ያልነካው ይመስላል። ጠዋት ጠዋት ማሽናቸው ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ጨርቅ ላይ መስመር የሚያሰምሩበትን ጠመኔ ዳር ዳሩን በዚያው ምላጭ ይልጡታል፤ ጠመኔ ከደነዘዘ መስመሩ ይወፍራል፣ መስመሩ ከወፈረ ደግሞ ሱሪው ወይ ይሰፋል ወይ ይጠባል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው በልዞ የከረመ ጊዜ፣ ወጣቷ ሐኪም «የሚጥልዎት ይሄ የጭንቀት ክኒን ነው፤ በዚህ ዕድሜ አይሆንም፤ ግን በአንዴ አይቆምም፣ በጥቂት በጥቂቱ እንቀንሰዋለን» ስትላቸው ብዙም አልከበዳቸውም። ለሌላ ሰው ያችን ሚጢጢ ነገር መከፋፈል ጣጣ ነው። ለእሳቸው ግን የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ጠመኔ ናት። ማታ ማታ እራት ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን ዘርግተው፣ ሐኪሟ ያለቻቸውን ያህል ከዳሯ ልጠው የቀረችውን ይውጣሉ፤ ዱቄቱን ወጥ ቤት ወስደው ቧንቧ ይለቁበታል። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የዋጡትን ነገር በገዛ ምላጫቸው እየላጡ መጣል! እንዲህ ያለ ኩራት ከመጀመሪያ ደመወዛቸው ወዲህ ተሰምቷቸው አያውቅም።

ቤት ውስጥ ተከማችቶ የነበረውን ሙሉ ሙሉ የክኒን ፓኮ ለልጃቸው የሰጧት ራሳቸው ናቸው። «በየወሩ ሐኪሟ የምትሰጠኝ ይበቃኛል። ይሄ አንቺ ጋ ይቀመጥ። ብለምንሽም፣ ባለቅስብሽም እንዳትሰጪኝ» ብለዋት ነበር። ልጃቸው የአንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናት፤ ጎደሎ አትወድም፣ የተረከበችውን ትጠብቃለች። ፓኮውን ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ከቤቱ ቁልፍ ጋር አንጠለጠለችው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፉ ነበሩ። ልባቸው ድው ድው ይላል፣ አንሶላው በላብ ይርሳል፣ እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም፣ የስልክ ጥሪ እንኳ ያስበረግጋቸዋል። ከዚያ ድንገት ሁሉ ነገር ረጋ። እትዬ ምላጭ አሸነፍኩ አሉ። ማሽናቸው ላይ ማንጎራጎር ጀመሩ፤ አንገታቸው ቀና አለ። የማታ ሻያቸው መጣፈጥ ያበዛው በዚያው ሰሞን ነው። «ምነው ስኳር አበዛሽ?» ሲሏት «አቅም ይሰጥሻል እማዬ» አለቻቸው። ፍቅር መሰላቸው። ፍቅርም ሳይሆን አይቀርም፤ ነገሩን ያከበደባቸውም ይሄው ነው።

የሚሠሩበት ቤት ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተወሸቀ ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት የስፌት ማሽን፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለበት ጥግ ላይ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት መጋረጃ። መስኮት የለውም። ካውያው ሲግል በሩ ይከፈታል፣ መንገዱ አቧራ ሲልክባቸው ይዘጋል፤ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል። ልብስ ተኳሹ ሳቂታ፣ ወፍራም፣ ዕድሜው ከልጃቸው ዕድሜ የማይርቅ ሰው ነው። ከቤተሰብ ውጭ የክኒኑን ነገር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ያወቀውም እትዬ ምላጭ በደስታቸው ሰሞን ራሳቸው ነግረውት ነው።

«ዛሬ አይደል ምርቃቱ?» አላቸው ገና ከበሩ ሲገቡ። ከካውያው ጠረጴዛ ሥር አንድ ነገር አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። አዲስ የምላጭ ፓኮ ነው፤ ከኮሌታ በተረፈ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በቀይ ክር አስሮታል። «ለስፌት ብቻ የሚሆን። ክኒን የሚባል ነገር እንግዲህ የለማ!»

«ተባረክ ልጄ።»

«ለእናቴ ሁሉ ነግሬያታለሁ እኮ። ስምዎን አልጠራሁም። አንድ የምናከብራቸው ሴትዮ በዚህ ዕድሜያቸው ቆርጠው ከተነሱ አንቺስ ክኒንሽን መተው እንዴት ያቅትሻል አልኳት።»

«ለእናትህ አትንገራት» አሉት ቆጣ ብለው።

ትሕትና መስሎት ሳቀ። እትዬ ምላጭ ስጦታውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ማሽናቸው ላይ ተቀመጡ። ከፊታቸው ወገቡ የሚሰፋ ሱሪ አለ፤ ባለቤቱ ወፍሯል፣ ሱሪው ግን የትናንቱን ሰውዬ ነው የሚያውቀው። ምላጩን ስፌቱ ላይ ሲያሳርፉ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። አነሱት፤ ጣታቸውን አፍታተው እንደገና ሞከሩ፤ ተንቀጠቀጠ። ነገሩ ገረማቸው። ሰውነታቸው ትናንት የነበረው ሁሉ ዛሬም አለው፤ ልጃቸው አንዲት ፍርፋሪ አላጎደለችበትም። ሲያንጎራጉሩ የከረሙት ሙሉ ክኒን ውጠው ነው፤ አሁን የሚንቀጠቀጡትም ሙሉ ክኒን ውጠው ነው። ታዲያ የትኛው ነው እሳቸው? ይሄን እያሰቡ ምላጩ ሾለከና ጨርቁን ጫረው። ጭረቷ ትንሽ ናት፣ ቀበቶ ይሸፍናታል። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ጭረው አያውቁም። ተኳሹ አይቷል፤ አይቶም ካውያውን ውሃ መሙላት ጀመረ። ረፋድ ላይ ከጎን ሻይ ቤት ሻይ ሲመጣላቸው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ሥሩን ተመለከቱ። ቀመሱት። ሻይ ነው፣ ሻይ ብቻ ነው። ቢሆንም ግማሹን ተዉት። ከእንግዲህ ሰው የሚያቀርብላቸውን ነገር እንዲህ እያዩ ሊጠጡ ነው ማለት ነው፤ ይሄኔ ሆድ ባሳቸው።

ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ሄዱ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ወንበሮቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲነሳ ሁሉም ይነቃነቃል። ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ያበራል። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ሐኪሟ ከወንበሯ ተነስታ ተቀበለቻቸው። ይህቺ ልጅ ሁልጊዜም ትነሳላቸዋለች። ስለ እንቅልፋቸው፣ ስለ ልባቸው፣ ስለ ላባቸው ጠየቀቻቸው። ምንም የለም አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ምንም አልነበረም። እጃቸውን ዘርግተው እንዲያሳዩዋት ስትጠይቅ ዘረጉላት።

«ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የደስታም ይሆናል» አለች ፈገግ ብላ። «እናቴ፣ ጎበዝ ነዎት፤ እንደ እርስዎ በሥርዓቱ የቀነሰልኝ ሰው የለም። የቀረችው ቁራጭ ከቁም ነገር የምትገባ አይደለችም። ከዛሬ ማታ ጀምሮ በቃ። መድኃኒት ቤት መመላለሱም ቀረልዎት።»

«እንዲያው ለመሆኑ ዶክተር፣» አሉ እትዬ ምላጭ፣ «ሳይቀንስ ሙሉውን ሲውጥ የኖረ ሰው አንድ ማታ ድንገት ቢተወው ምን ይሆናል?»

«በጣም አደገኛ ነው። በተለይ በእርስዎ ዕድሜ። ሊያንዘፈዝፍ ይችላል፣ ራስን ሊያስት ይችላል። ለዚህ እኮ ነው ይሄን ሁሉ ወር የለፋነው። ምነው፣ የሚያውቁት ሰው አለ?»

እዚህ ጋ መናገር ይችሉ ነበር። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ልጃቸው እዚሁ ክፍል ተጠርታ ስትቀመጥ፣ ታናሽ እህቷ በምትሆን ሐኪም ስትወቀስ፣ ፊቷ አመድ ሲመስል ታያቸው። ልጄ እንዲህ አደረገችኝ ብሎ ለባዕድ መናገር ለእሳቸው ልጅን አሳልፎ መስጠት ነው። በዚያ ላይ የሐኪሟ ደስታ አሳዘናቸው፤ ሥራዋን አበላሽተውባት በአድናቆቷ ሊሸኙ ነው። «አንዲት ጎረቤት አለች» አሉ። «ይምጡና ያነጋግሩኝ ይበሏት» አለች ሐኪሟ፤ በር ድረስም ሸኘቻቸው።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀምጠው አንድ አውቶቡስ አሳለፉ፣ ሁለተኛውንም አሳለፉ። ዛሬ ማታ ሻዩን አልጠጣም ቢሉ፣ የሚቀርባቸው ሐኪሟ የምታውቃት ቁራጭ ሳትሆን ሐኪሟ የማታውቃት ሙሉዋ ናት፤ ራሳቸውን ስተው ይወድቃሉ። ቢጠጡ ደግሞ እያወቁ መታለል ነው። መቀነሱን እንደ አዲስ ልጀምረው እንዳይሉ ክኒን የለም፤ ከሐኪም በር በምስጋና ተሸኝተዋል፣ ቤት ያለው ተቆልፏል። ክኒኑ ሲያስራቸው የኖረው አንሶ አሁን ነፃ ወጥተዋል መባሉ ራሱ አሰራቸው። ሦስተኛው አውቶቡስ ሲመጣ ተሳፈሩ፤ ሌላ የሚሄዱበት ቤት የላቸውም።

እራት ላይ አማቻቸው ከመቼውም ይልቅ ትሑት ነበር። ውሃ ይቀዳላቸዋል፣ ጨውን ሳይጠይቁት ያቀርብላቸዋል፣ ዓይናቸውን ግን አያይም። ልጃቸው ስለ ፋብሪካው ሊፍት መበላሸት አወራች፤ ስለ ሊፍቱ ማንም ግድ እንደሌለው እያወቀች አስረዝማ አወራች። ከዚያ ወሬው አለቀ።

«ምን አለችሽ?» አለች በመጨረሻ።

«አቁሚ አለችኝ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ በቃሽ።»

ልጃቸው ሳህኖቹን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች። እትዬ ምላጭ ሲጠብቁ ከረሙ ማለት ይቻላል፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይሄን ያህል አይቆይም። ማንኪያ ብርጭቆ ሲመታ ሰሙ፤ ይመታል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይመታል። ሻዩ መጣና ፊታቸው ተቀመጠ። እንፋሎቱን ተመለከቱ።

«ዛሬ ሙሉዋን ነው የጨመርሽው?» አሏት።

አማቻቸው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፤ ግን አልተነሳም። ልጃቸው በቆመችበት ቀረች። ትክዳለች ብለው ፈርተው ነበር፤ አልካደችም። «ሙሉዋን ነው» አለች። «አንቺ ዛሬ ምንም ስለማትውጪ።»

«ምን በደልኩሽ?»

ተቀመጠች። ሴትዮ ናት፤ ፀጉሯ ጎን ጎኑ ሸብቷል፤ ስትቀመጥ ግን እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ከተተች፣ እንደ ልጅነቷ። «እማዬ፣ ያለ ክኒን የማውቅሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አባዬ የሞተ ጊዜ። ካፖርትሽን ለብሰሽ በሩ ሥር ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። ልትወጪ ነው እላለሁ፣ አትወጪም። ትምህርት ቤት ልሄድ ስል እጄን ትይዢኛለሽ። ‹ትንሽ ቆዪ፣ ልቤ ሊቆም ነው› ትይኛለሽ። እቆያለሁ። ሲመሽ ትለቂኛለሽ። ሁለተኛ ክፍልን የደገምኩት ሰንፌ አይደለም።»

እትዬ ምላጭ ልጃቸው ሁለተኛ ክፍልን የደገመችው በኩፍኝ ነው ብለው ለሰው ሲያወሩ ኖረዋል። ቆይቶ ራሳቸውም አምነውታል። አሁን ኩፍኙን ፈለጉት፤ አንድ ትኩሳት፣ አንድ ሽፍታ ሊያስታውሱ ሞከሩ። ካፖርቱን አስታወሱት። ልጅቷን ግን፣ እጇን ይዘዋት የዋሉትን ልጅ፣ ፊቷን ሊያመጡት አልቻሉም።

«መቀነስ ከጀመርሽ በኋላ አንድ ማታ ኮሪደሩ ላይ ካፖርትሽን ለብሰሽ ቆመሽ አገኘሁሽ» አለች ልጃቸው። «በማግስቱ ነው የጀመርኩት።»

«ያን ማታ በርዶኝ ነበር።»

«እኔ በምን ልወቅ?»

 እትዬ ምላጭም ቀኑን ሙሉ ራሳቸውን ሲጠይቁ የዋሉት ይሄንኑ ነው። ሻዩ መቀዝቀዝ ጀምሯል። ድምፃቸውን አረጋግተው፣ እንደ ለማኝ ሳይሆን እንደ እናት፣ «ቁም ሳጥኑን ክፈቺና ፓኮውን ስጪኝ» አሏት። «ሐኪሟ ከእንግዲህ አትሰጠኝም። በአንዴ ብተወው እወድቃለሁ። እንደገና ከመጀመሪያው እልጠዋለሁ፤ አሁን በእውነት እየቀነሰ መሆኑንም አውቃለሁ።»

«ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ ብለሻል።»

«ያኔ ሌላ ነበር።»

«ባለቅስብሽም ብለሻል።» መሳለቋ አልነበረም፤ የምታለቅሰው እሷ ናት። ቁልፎቿ ያሉበትን ቦርሳ ከወንበሩ ጀርባ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። አማቻቸው «ስጪያቸው እንጂ» አለ ቀስ ብሎ፤ ዞር ብላም አላየችው። «እኔው እቀንስልሻለሁ እማዬ። ደህና መሆንሽን እያየሁ፣ ትንሽ ትንሽ። ካልሆንሽ ደግሞ እመልሰዋለሁ። ከዚህ በላይ አልችልም። ሁለተኛ በሩ ሥር አብሬሽ አልቀመጥም።»

እትዬ ምላጭ ተናደዱባት፤ አዘኑላት፤ የትኛው እንደሚቀድም አላወቁም። አንድ ጊዜ በእጃቸው ይዘው ያስቀሯት ልጅ ዛሬ በተራዋ ይዛቸዋለች፤ እንዳትሄድባቸው የያዟትን ያህል አጥብቃ ነው የያዘቻቸው። ቦርሳቸውን ከፈቱ። ነጩን ጥቅል አውጥተው ቀዩን ክር ፈቱና አዲሱን የምላጭ ፓኮ በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፉት።

«የክኒኑ ዳር ነው የሚላጠው» አሏት። «መሃሉን ከነካሽው ይሰበራል። ስትልጪ ደግሞ እዚሁ፣ ፊቴ።»

ልጃቸው ምላጩን አየችው፤ አልነካችውም፤ ራሷን ግን ነቀነቀች። እትዬ ምላጭ ብርጭቆውን አነሱ። ቀዝቅዟል፣ ጣፋጭ ነው፣ ከጣፋጩ ሥር መራራ አለ፤ ይሄን ሁሉ ወር እንዴት እንዳልለዩት ገረማቸው። እስከ ታች ጠጡት። ብርጭቆው ሥር ነጭ ዝቃጭ ቀርቷል፤ ስኳር ይሁን ክኒን አይታወቅም። በአንዴ አይቆምም ተብለዋል። በጣታቸው ዙሪያውን ጠርገው ላሱትና ብርጭቆውን መለሱላት።

«ነገ ስኳር አታድርጊበት» አሏት።